የቆየ የእንጨት ዕቃ ሲጠገን፦ የቆዳ ሙጫ ወይስ ነጭ ኮላ፣ ጎማላካ ወይስ ቫርኒሽ?

ከአያት የወረደ የዋንዛ ሳጥን ወይም የጽድ ወንበር ይዘው ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ አናጢ ቤት ሲገቡ «ፍቀን ቀብተን አዲስ እናደርገዋለን» ሊባሉ ይችላሉ። እሺ ከማለትዎ በፊት በምን እንደሚጣበቅና በምን እንደሚቀባ ይጠይቁ።

የቆዳ ሙጫ የሚሠራው ከእንስሳት ቆዳ ነው። አንድ እጅ ሙጫ በክብደቱ ሁለት እጅ በሚሆን ቀዝቃዛ ውሃ ተዘፍዝፎ ካበጠ በኋላ፣ ውሃ በያዘ ሌላ ድስት ውስጥ ተቀምጦ እስከ 60 ዲግሪ ይሞቃል። ከሰል ላይ በቀጥታ ጥደው ካፈሉት ኃይሉን ያጣል። ትልቁ ጥቅሙ በሙቅ ውሃና በእንፋሎት መልሶ መላቀቁ ነው፤ አዲሱም በአሮጌው ላይ ይይዛል። እርጥበት ግን ይፈታዋልና በረንዳ ላይ ለሚውል ዕቃ አይሆንም።

ነጭ ኮላ ማሞቅ አይፈልግም፣ በየሱቁ ይገኛል፣ ጥንካሬውም አስተማማኝ ነው። ችግሩ የሚመጣው መጋጠሚያው ዳግመኛ ሲላቀቅ ነው። በደረቀ ኮላ ላይ አዲስ ኮላ በደንብ አይዝም፤ ስለዚህ አሮጌው ተፍቆ መውጣት አለበት፣ በተፋቀ ቁጥርም የእንጨቱ ምላስ (ቀዳዳ ውስጥ የሚገባው ጫፍ) ይሳሳል፣ ወንበሩም መልሶ ይወዛወዛል። ለተላቀቀ አሮጌ መጋጠሚያ የቆዳውን ይምረጡ፤ በቁመቱ ለተሰነጠቀ ንጹሕ እንጨት ነጩ ይበቃል። ምስማር ግን በሁለቱም ቦታ አይግባ፤ ምላሱን ይሰነጥቀዋል።

ወደ ቅቡ ስንመጣ፣ ነባሩ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ምንም አይፋቅ። በማይታይ ቦታ አልኮል የነካ ጥጥ ለጥቂት ሰኮንድ ይያዝ። ቅቡ ለስልሶ ከተጣበቀ ጎማላካ (ሼላክ የሚባለው፣ በአልኮል የሚሟሟ ቅብ) የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። እንዲህ ከሆነ መፋቅ ላያስፈልግ ይችላል፤ አዲሱ ጎማላካ አሮጌውን አሟሙቶ አንድ ይሆናል። 250 ግራም ጎማላካ በ1 ሊትር አልኮል አድሮ ይሟሟል፤ ተጣርቶም በስሱ፣ በብዙ ዙር ይቀባል። አልኮሉ ውሃ ካለበት ወይም ሥራው በክረምት ዝናብ መሐል ከተሠራ ቅቡ እንደ ወተት ይነጣል። ስለዚህ የደሴን ሐምሌና ነሐሴ አሳልፎ ማስቀባት ይሻላል።

ፖሊዩረቴን ቫርኒሽ ውሃና ሙቀትን በእጅጉ የበለጠ ይችላል። የጋለ ጀበና ወይም የሻይ ብርጭቆ የሚቀመጥበት ጠረጴዛ ከሆነ እኛም የምንመርጠው እሱን ነው፤ ጎማላካ ላይ ነጭ ክብ ይቀራል። ነገር ግን ቫርኒሹ አንድ ቦታ ሲላጥ ያንን ብቻ ነክቶ ማስተካከል ስለሚያስቸግር፣ ብዙ ጊዜ ገጹ በሙሉ ተፍቆ እንደ አዲስ ይቀባል። በየጥገናው የዘመናት ወዙ ይሄዳል፤ ያ ወዝ ደግሞ በምንም ቀለም አይመለስም። ለሳጥን፣ ለአትሮንስና ለመስተዋት ፍሬም ጎማላካ ይሁን። በተለይ ስስ የእንጨት ልባስ ያለውን ዕቃ መፈግፈጊያ ማሽን እንዳይነካው በግልጽ ይናገሩ፤ ልባሱ ከ1 ሚሊሜትር ሊያንስ ስለሚችል በአፍታ ይበሳል።

ነቀዝ ከጠረጠሩ ከሥሩ ጥቁር ወረቀት አንጥፈው ሁለት ሳምንት ይጠብቁ። አዲስ ዱቄት ከወረደ መድኃኒቱ ከሙጫውም ከቅቡም ይቀድማል።

ዕቃው ከደሴ ኮምቦልቻ የሚወርድ ከሆነ መሳቢያዎቹ ወጥተው ለብቻ ይጫኑ፤ ወንበርም ከመቀመጫው ሥር እንጂ በክንዱ አይነሣ። የላላ መጋጠሚያ የሐረጎን ጠመዝማዛ ሳይጨርስ ሊሰበር ይችላል።