ስሪላንካ ወይስ ማዳጋስካር? በራሱ ስያሜ ልብስ ለሚያሰፋ ነጋዴ

በራሱ ስያሜ ልብስ አሰፍቶ ሊሸጥ የተነሳ ነጋዴ ከእነዚህ ሁለት የሕንድ ውቅያኖስ ደሴቶች ዋጋ ሲያስመጣ፣ መጀመሪያ የሚያየው የሠራተኛውን የወር ደመወዝ ነው። በዚህ ከሄድን ማዳጋስካር በግልጽ ትረክሳለች። ደመወዝን ብቻ ዓይቶ ፋብሪካ መምረጥ ግን ለኪሳራ ይዳርጋል፤ ወጪው የሚቆረጠው ልብሱ በተሰፋበት ደቂቃ ነውና።

አንድ ሸሚዝ ለመስፋት 20 ደቂቃ ይፈጃል እንበል። 40 ሰፊዎች የተሰለፉበት መስመር በ8 ሰዓት ውስጥ 19,200 ደቂቃ አለው። በ50 በመቶ ቅልጥፍና ከሠራ፣ ማለትም ከዚህ ደቂቃ ግማሹ ብቻ ልብስ ሆኖ ከወጣ፣ 480 ሸሚዝ ያወጣል፤ በ65 በመቶ ከሠራ 624። ሁለተኛው ፋብሪካ ለሠራተኞቹ 30 በመቶ አስበልጦ ቢከፍል እንኳ የአንዱ ሸሚዝ የጉልበት ዋጋ ከመጀመሪያው እኩል ነው።

ስሪላንካ እዚህ ላይ የረጅም ዘመን ልምድ አላት። እ.ኤ.አ. በ1977 (ሌሎቹም ዓመታት እንዲሁ) ኢኮኖሚዋን ለገበያ ከፈተች፣ በዓመቱ የካቱናያኬን ነጻ የንግድ ቀጠና አቋቋመች፣ በ1992 ደግሞ ፕሬዚዳንት ፕሬማዳሳ 200 የልብስ ፋብሪካዎች በየገጠሩ እንዲተከሉ አደረጉ። የልብስ ኩባንያዎቹ ማስ ሆልዲንግስ፣ ብራንዲክስና ሒርዳራማኒ ያደጉት በዚህ ምድር ነው፤ ሒርዳራማኒን ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ከከፈተው ፋብሪካ የሚያውቁት አንባቢዎች ይኖራሉ። የጡት መያዣ ከ20 በላይ ቁርጥራጮች ተገጣጥመው የሚሠራ ልብስ ነው፤ የአንዱ ስፌት ጥቂት ሚሊሜትር ከሳተ ዕቃው ይጣላል። የስሪላንካ ሰፊዎች ስም ያተረፉት በዚህ ሥራ ነው። ላስቲኩና ዳንቴሉም እዚያው አገር ስለሚመረት መስመሩ ጥሬ ዕቃ እየጠበቀ አይቆምም፤ የኮሎምቦ ወደብም ቅርብ ነው። ችግሯ የሰው እጥረት ነው። ወጣቶች የስፌት መስመርን እየሸሹ ሌላ ሥራ ይፈልጋሉ፤ ብዙዎችም ወደ ዐረብ አገራት ይሄዳሉ።

ማዳጋስካርን በእጅ ሥራ ማነስ የሚከሳት ካለ የልጆች ቀሚሷን አላየም። ጨርቁ በቀጭን ክር ይሸበሸባል፣ ከዚያ ሽብሽቡ አንድ በአንድ በመርፌ እየተያዘ ደረቱ ላይ ጥልፍ ይሆናል። ይህን በማሽን ፍጥነት መለካት አይቻልም። የሞሪሸስ ኩባንያዎች የሹራብ ሥራቸውን በ1990 አካባቢ ወደዚያ ማዛወር የጀመሩትም ያለ ምክንያት አልነበረም።

የማዳጋስካር ደቂቃ የሚባክነው ከሰፊዋ እጅ ውጭ ነው። መብራት ይቋረጣል። ጨርቁ በአብዛኛው በመርከብ ይመጣል፤ ከቶአማሲና ወደብ ተነስቶ ዋና ከተማዋ አንታናናሪቮ ለመድረስ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ጠመዝማዛ ዳገት ይጠብቀዋል፣ በአውሎ ነፋስ ወራት ደግሞ መንገዱ ይበላሻል። በ2002 በፖለቲካ ውዝግብ ይኸው መንገድ ተዘግቶ ፋብሪካዎች ቆመዋል። ከ2009 መፈንቅለ መንግሥት በኋላ አሜሪካ የአጎአን (የአፍሪካ ዕቃ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ የሚገባበትን) ዕድል ስለነፈገቻት እስከ 2014 ድረስ ብዙ ሠራተኞች ከሥራ ወጥተዋል። በጥር 2022 ኢትዮጵያም ከአጎአ ስትሰረዝ የደረሰውን የሚያስታውስ ሰው ይህ ለሰፊዎቹ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም፤ ፍርዱ የወደቀው ምንም ባላጠፉት ላይ ነበር። በ2025 ደግሞ ማዳጋስካር ውስጥ በመብራትና በውኃ መቋረጥ የተነሳው ተቃውሞ መንግሥት እስከ መጣል ደርሷል። ስሪላንካም ብትሆን በ2022 ነዳጅ አጥታ ዕዳዋን መክፈል አቁማለች፤ ትልልቆቹ ፋብሪካዎቿ ግን በራሳቸው ጄኔሬተር ትዕዛዝ ማድረሱን ቀጥለው ነበር።

አውሮፓ ለሚሸጥ አንድ ነገር ሚዛኑን ይቀይራል። የማዳጋስካር ልብስ ጨርቁ ከቻይና ቢመጣም ያለ ቀረጥ ይገባል። ስሪላንካ ያን ዕድል ለማግኘት በአብዛኛው ጨርቁ በአገሯ ወይም በአካባቢዋ አገራት የተሠራ መሆን አለበት።

ስለዚህ የውስጥ ልብስ፣ የስፖርት ልብስና ቀኑ የማይዛነፍ ትዕዛዝ ያለው ወደ ስሪላንካ ይሂድ። የልጆች ጥልፍ ቀሚስ፣ የካሽሚር ሹራብ ወይም የራፊያ (የዘንባባ ቃጫ) ቦርሳ ለአውሮፓ የሚፈልግ፣ ከተባለው ጊዜ በላይ ጥቂት ሳምንታት መታገስ ከቻለ፣ ማዳጋስካርን ይምረጥ። ተራ ቲሸርት በብዛት የሚፈልግ ሁለቱንም ትቶ ባንግላዴሽን ይጠይቅ።

ከየትኛውም ፋብሪካ ጋር ከመፈረም በፊት የሚታይ ሦስት ነገር አለ፦ ያለፉት ሦስት ወራት የየመስመሩ ቅልጥፍና፣ ጄኔሬተሩ በወር ስንት ሰዓት እንደሠራ፣ ሠራተኛ በዓመት ምን ያህል እንደሚለቅ። መዝገቡን ለማሳየት የሚያመነታ ፋብሪካ ደቂቃውን አይቆጥርም፤ ያልተቆጠረው ደቂቃ ደግሞ በገዢው ሂሳብ ላይ ይደመራል።