ፍሪካድ 1.0፦ ሒሳቡን የማይደብቅ የዲዛይን ሶፍትዌር

የማሽን ክፍሎችን በኮምፒውተር ስለሚስለው ፍሪካድ ሲወራ ቶሎ የሚነሳው ነፃ መሆኑ ነው። እውነት ነው፣ ነፃ ነው፤ በየዓመቱ በዶላር የሚታደስ ላይሰንስ መክፈል ለማይችል ተማሪም ሆነ የቶርኖ ቤት ይሄ ትልቅ ነገር ነው። እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነው። ይህ ሶፍትዌር ሒሳቡን አይደብቅም። ኩርባ ስትስሉ ኩርባው ከምን እንደተሠራ ታያላችሁ፤ ሁለት ብረቶች ተጫጭነው የሚፈጥሩትን ግፊት ስታሰሉም ዋና ዋናዎቹን ቁጥሮች የምትሞሉት ራሳችሁ ናችሁ። ያደክማል። ግን የማሽን ዲዛይን ለሚማር ሰው ይህን ያህል የሚያስተምር ሌላ ነፃ ፕሮግራም አላየሁም።

ስለ ስሪቱ በአጭሩ። ፕሮጀክቱ ብቅ ያለው በ2002 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)፣ 1.0 ለመባል የበቃው ደግሞ በኖቬምበር 2024። ከዚያ በፊት ትልቁ ራስ ምታት፣ መጀመሪያ ላይ የሳላችሁትን ስትነኩት በላዩ የተሠራው ሁሉ መበታተኑ ነበር፤ ሶፍትዌሩ የዕቃውን ገጾች በቁጥር ስለሚያውቃቸው አንድ ቀዳዳ ሲጨመር ቁጥሩ ይዛወርና ሥራው ሌላ ገጽ ላይ ይለጠፋል። በ1.0 ይሄ በጣም ተሻሽሏል፤ ሙሉ በሙሉ ጠፋ ግን አይባልም። ክፍሎችን የሚገጣጥም የራሱ አሴምብሊም መጥቶለታል። ዊንዶውስ ላይ ስትጭኑት ቅርጹን ለስሌት ወደ ትንንሽ ቁርጥራጮች (ኤለመንቶች) የሚከፋፍለውን መረብ፣ ማለትም ሜሽ፣ የሚሠራው ጂሜሽና ውጥረቱን የሚያሰላው ካልኩሊክስ አብረው ይገባሉ፣ አንዴ ካወረዳችሁት ደግሞ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

ወደ ኩርባው ልግባ። ስኬቸር በሚባለው የመሳያ ክፍል ውስጥ ቢ-ስፕላይን (ከቁርጥራጭ ኩርባዎች የተገጣጠመ ለስላሳ ኩርባ) ስትስሉ መቆጣጠሪያ ነጥቦቹን፣ ዲግሪውን (የቀመሩን ትልቁን ፓወር)፣ የየነጥቡን ክብደትና ኖት የሚባሉትን መገጣጠሚያዎች ስክሪኑ ላይ ማውጣት ትችላላችሁ። ከሁሉም የምወደው ግን ኩርባው በየቦታው ምን ያህል እንደሚጎብጥ በቀጫጭን መስመሮች ርዝመት የሚያሳየውን ነው። በዓይን ለስላሳ የሚመስል ቅርጽ ላይ እነዚያ መስመሮች በድንገት ሲያጥሩ ወይም ሲረዝሙ ታያላችሁ። ቀጥ ያለ መስመርን ከክብ ቅስት ጋር በታንጀንት (አቅጣጫቸው ሳይሰበር) ብታገናኙ ዓይን ምንም አይታየውም፣ ጉብጠቱ ግን ከዜሮ ተነስቶ ባንዴ ይዘላል። ዲግሪው 3 የሆነ ስፕላይን ኖቶቹ ነጠላ እስከሆኑ ድረስ ጉብጠቱ አይዘልም። ከመሃል አንዱን ኖት ድርብ አድርጉትና ነጥቦቹን ትንሽ አንቀሳቅሱ፤ እዚያው ቦታ ላይ ሲሰበር ታዩታላችሁ። በቀመር ብቻ ሲነገር ጭንቅላት የሚያዞር ነገር እዚህ በጥቂት ክሊክ ፍንትው ይላል።

ይሄ የማሳመር ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። የካምሻፍት ቅርጽ ላይ ጉብጠቱ ሲዘል በላዩ የሚሄደው ክፍል ማጣደፉም አብሮ ይዘላል፣ ማሽኑም ይንቀጠቀጣል። ከዚያም በላይ፣ ሁለት ጎባጣ ነገሮች ሲነካኩ ግፊቱን ከሚወስኑት ዋናው ጉብጠታቸው ነው። ስፕላይኑና የንክኪ ሜካኒክሱ የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው፤ ፍሪካድንም የምመዝነው በዚህ ነው።

በነገራችን ላይ የዚህ ኩርባ ሒሳብ አንዱ ሥሩ የመኪና ፋብሪካ ነው። ፖል ደ ካስቴልዦ ሲትሮይን ውስጥ በ1959 ሠርቶት ነበር፣ ድርጅቱ ግን ምስጢር አድርጎ ያዘው። የሬኖው ፒየር ቤዚዬ በ1960ዎቹ በራሱ መንገድ ደርሶበት ስላሳተመው የስፕላይን መሠረት የሆነው ኩርባ በቤዚዬ ስም ቀረ። ለደ ካስቴልዦ የቀረችለት ኩርባውን ነጥብ በነጥብ የምታወጣው ዘዴ ናት፣ እሷም እስከ ዛሬ ታገለግላለች።

የንክኪው ሒሳብ ከዚያ በጣም ይቀድማል። ሃይንሪሽ ኸርትዝ፣ ሬዲዮ ላይ ሜጋኸርዝ ሲባል ስሙ የሚነሳው ሰውዬ ራሱ፣ በ1880 የገና ዕረፍት ላይ ገና 23 ዓመቱ ሳለ ነው የሠራው። የመስታወት ሌንሶች እርስ በርስ ሲጫጫኑ ቅርጻቸው እንዴት እንደሚለወጥ ማወቅ ፈልጎ ነበር። ዛሬ የኩሽኔታም የማርሽ ጥርስም ስሌት ከዚያ ይነሳል።

ስለዚህ ንክኪ አሰላለሁ የሚል ሶፍትዌር ሁሉ መጀመሪያ የኸርትዝን ፈተና ማለፍ አለበት ባይ ነኝ። ዲያሜትሯ 20 ሚሊ ሜትር የሆነች የብረት ኳስ ጠፍጣፋ ብረት ላይ አስቀምጡና በ100 ኒውተን ተጫኗት፤ ወደ 10 ኪሎ ክብደት ማለት ነው። የሁለቱንም ብረት የመለጠጥ ሞዱለስ (ለመለጠጥ ያለውን እምቢታ) 210 ጊጋፓስካል፣ የፖይሰን ቁጥሩን (ሲጫኑት ወደ ጎን የሚያብጥበትን መጠን) 0.3 ብላችሁ ብታሰሉ፣ የሚነካካው ክብ ራዲየሱ 0.187 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል፣ መሃሉ ላይ ያለው ግፊት ደግሞ 1,370 ሜጋፓስካል ገደማ ይደርሳል። ለ10 ኪሎ እኮ ነው! ጭነቱን እጥፍ ብታደርጉት ግፊቱ እጥፍ አይሆንም፣ በ26 በመቶ ብቻ ይጨምራል፣ ምክንያቱም የሚነካካው ስፍራም አብሮ ይሰፋል። ትልቁ የሸር ውጥረት (ብረቱን አንሸራትቶ ለመቁረጥ የሚታገለው) ያለው ደግሞ ገጹ ላይ ሳይሆን ከገጹ በታች 0.09 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። የኩሽኔታ ስንጥቅ ብዙ ጊዜ ከውስጥ ጀምሮ ኋላ ላይ ገጹ የሚላጠው ለዚህ ነው።

ፍሪካድ ውስጥ ውጥረት በሚሰላበት፣ ኤፍኢኤም በሚባለው ክፍሉ ሁለቱን ገጾች መርጣችሁ ኮንታክት ትላላችሁ፣ የንክኪውን ጥንካሬና ሰበቃውን ትሞላላችሁ። ከጀርባ የሚያሰላው ካልኩሊክስ ጊዶ ዶንትና ክላውስ ቪቲሽ የተባሉ፣ ኤምቲዩ በሚባለው የሙኒክ የአውሮፕላን ሞተር ፋብሪካ ሲሠሩ የነበሩ መሐንዲሶች የጻፉት ነው፤ ነፃ ቢሆንም የምር የሆነ ፕሮግራም ነው። ዘዴው ገጾቹ በጣም በጥቂቱ እንዲጠላለፉ ይፈቅድና በጠለቁት ልክ መልሶ ይገፋቸዋል። ጥንካሬውን በጣም ዝቅ ካደረጋችሁት ብረት ብረት ውስጥ ይሰምጣል፤ ከመጠን በላይ ካበዛችሁት ደግሞ ስሌቱ መልስ ላይ አይደርስም፣ ሲዞር ይውላል። የብረቱን ሞዱለስ ከ5 እስከ 50 እጥፍ ወስዶ መጀመር ጥሩ ነው።

አሁን ዋናው ችግር። ያቺ ኳስ በስፕላይን ደረጃ ፍጹም ክብ ናት፤ ነርብስ የሚባለው ለነጥቦቹ ክብደት የሚሰጠው ስፕላይን ክብን ያለ ምንም ስህተት ይይዛል። ሜሽ ስትሆን ግን ትሸራረፋለች። ጠፍጣፋ ሦስት ማዕዘኖች ጉብጠት የላቸውም፣ የሚገናኙበት ጠርዝ ደግሞ ሹል ነው፤ ስለዚህ ግፊቱ እዚያ ጠርዝ ላይ ይከማችና እውነት የሚመስል ቀይ ነጥብ ያወጣል። ሶፍትዌሩ በራሱ የሚሰጣችሁን ሜሽ ዝም ብላችሁ ብትቀበሉ ኤለመንቱ ከሚነካካው ክብ በብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ ውጤቱ ዋጋ የለውም። መውጫው አለ፤ ሁለተኛ ኦርደር (ጎኑ መጉበጥ የሚችል) ኤለመንት መምረጥ፣ ንክኪው አካባቢ ብቻ ሜሹን ወደ 0.02 ሚሊ ሜትር ማድቀቅ፣ ኳሷንም ሩቧን ብቻ ሠርቶ በሲሜትሪ መጠቀም። ያኔ መልሱ ወደ ኸርትዝ ቁጥር ይጠጋል። ይሄን ሳያደርጉ ባለቀለሙን ሥዕል ሪፖርት ላይ መለጠፍ ግን አደገኛ ነው፣ ምክንያቱም ሥዕሉ ሲሳሳትም ያምራል።

ቅር የሚለኝም እዚሁ ላይ ነው። በ2005 ተመራማሪዎቹ ቶማስ ሂውዝ፣ ኦስቲን ኮትሬልና ዩሪ ባዚሌቭስ አይሶጂኦሜትሪክ አናሊሲስ የሚባለውን ሐሳብ አቀረቡ፤ ቅርጹን ወደ ሜሽ ከመቀየር ስሌቱን ራሱ ስፕላይኑ ላይ እንሥራ ነው ነገሩ። ለንክኪ ይሄ ትልቅ ጥቅም አለው፣ ገጹ ለስላሳ እንደሆነ ስለሚቀር አቅጣጫው ከአንዱ ኤለመንት ወደ ሌላው ሲሻገር አይዘልም። ፍሪካድ ስፕላይኑም አለው፣ ማስሊያውም አለው፣ በመሃል ግን ያ ሁሉ ትክክለኛ ቅርጽ ወደ ሜሽ ሲገባ ይጠፋል። ቀላል ሥራ አይደለም፣ ይገባኛል፤ የዲዛይን ሶፍትዌር የሚያውቀው የዕቃውን ውጫዊ ገጽ ብቻ ነው፣ ውስጡን በስፕላይን መሙላት ራሱን የቻለ ምርምር ነው። ቢሆንም አንድ ቀን እዚህ ሶፍትዌር ውስጥ ባየው ደስ ይለኛል። ሌላው ድክመት ጠርዝ ማለስለሻው ነው፤ ብዙ ኩርባ የሚገናኝበት ጥግ ላይ ፊሌት እንቢ ይላል፣ ይሄ ከሥር ሆኖ ቅርጾቹን ከሚሠራው ኦፕን ካስኬድ ከሚባል ፕሮግራም የመጣ ነው።

ለማን ይሆናል? ለማሽን ተማሪ፣ ለአስተማሪ፣ መለዋወጫ ለሚሠራ ትንሽ ወርክሾፕ አይኔን ሳላሽ ተጠቀሙበት እላለሁ። ብዙ ክፍሎች የሚነካኩበትን ትልቅ ማሽን በአጭር ቀነ ገደብ ማድረስ ላለበት ቢሮ ግን አልመክረውም፣ ንክኪው በበዛ ቁጥር ስሌቱ በጣም ይዘገያል። ከጫናችሁት ቀጥታ ወደ ኤፍኢኤም አትሩጡ። መጀመሪያ ስኬቸር ላይ ከኖቶቹ ጋር ተጫወቱ፣ ከዚያ የኳሷን ፈተና ሥሩ። ሩቧን ብቻ ከሠራችሁና የደቀቀው ሜሽ ንክኪው ላይ ብቻ ከሆነ ተራ ላፕቶፕም ይችላታል።