አፍሪካ አዳራሽን ከእትዬ ጋር

አገር ቤት ደርሼ ስመለስ ብዙ ጊዜ የምጽፈው ስለ ሆቴልና ስለ ክትፎ ነው። ዘንድሮ ቅድሚያውን አፍሪካ አዳራሽ ወስዶታል። ከመስቀል አደባባይ ወደ ላይ ሲወጡ፣ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት፣ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን (ኢሲኤ) ግቢ ውስጥ ያለው ማለቴ ነው። ዓመታት የፈጀ እድሳት ተደርጎለት ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. እንደገና ተከፍቷል። አብራኝ የሄደችው አክስቴ፣ እትዬ ናት። ጉልበቷን ያማታል፣ በምርኩዝ ነው የምትሄደው። ስለዚህ ግማሹ አስተያየት የእሷ ነው።

መጓጓዣውን ቶሎ እንገላገለው። በስልክ የጠራነው ታክሲ ሾፌር ገና በሩን ሳንዘጋ "አፑን ላጥፋውና በስምምነት እንሂድ" አለ። ስምምነቱ አፑ ካሳየኝ ዋጋ ይበልጣል። እትዬ ከኋላ ሆና "አንተ፣ ዝም ብለህ ልትከፍል ነው?" አለችኝ። ዝም ብዬ ከፈልኩ። ከአምስት ሁለት ኮከብ ሰጥቼዋለሁ፤ ሁለቱም ለዘፈን ምርጫው ነው።

ግቢው የተባበሩት መንግሥታት ስለሆነ እንደ ሙዚየም ሰተት ብሎ መግባት የለም። ቀድሞ መመዝገብ ነው፤ በዕለቱም ፓስፖርት ወይም መታወቂያ ይያዛል። ፍተሻው የኤርፖርት ነው። ጥበቃዎቹ ግን ትሁት ናቸው። የእትዬን ምርኩዝ በማሽኑ አሳልፈው በሁለት እጃቸው መለሱላት። እሷም መረቀቻቸው። ከኋላችን የነበሩት ሰዎች ምርቃቱ እስኪያልቅ ጠበቁ።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር ልበል። የምኖረው ጀርመን፣ ኮሎኝ ነው። የከተማችን ኦፔራ ቤት በፈረንጆቹ 1957 የተከፈተ ነው፤ ከአፍሪካ አዳራሽ ጋር የአንድ ዘመን ልጆች ናቸው። በዚያው በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2012 ለእድሳት ተዘጋ፣ በ2015 ይከፈታል ተባለ። ከዚያ የአየር ማስተላለፊያው፣ የእሳት መከላከያው፣ ኤሌክትሪኩ፣ ሁሉም በአንድ ጠባብ ቦታ ተጠላልፎ ሥራው ተያዘ። ዓመታት አለፉ፣ ወጪው ናረ፣ ኦፔራው በጊዜያዊ አዳራሽ ቀረ። ጀርመኖች ሥራ ይችላሉ የሚል ዘመድ ሲያጋጥመኝ ይህንን እነግረዋለሁ። የድሮ አዳራሽ ሲታደስ ከባዱ ነገር ቀለሙ አይደለም። ለ1950ዎቹ በተሠራ ግድግዳ ውስጥ የዛሬውን ሽቦና ቱቦ ማስገባቱ ነው። ስለዚህ እኔ የታደሰ አዳራሽ ስገባ መጀመሪያ የማየው ጣሪያውን ነው። ሽቦው የት ሄደ? ንፋሱ በየት ይገባል?

አፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት። ትልቁ ሙገሳዬ ይኼ ነው። ስክሪኑ አለ፣ ማይክሮፎኑ አለ፣ የአስተርጓሚዎቹ ክፍል አለ፣ አየሩም ደስ ይላል። ግን አንዱም "እዩኝ እዩኝ" አይልም። የድሮዎቹ ዕቃዎች ታድሰው ቦታቸው ተመልሰዋል። ከውጭ ግድግዳውን የሚያለብሱት ትናንሽ ሴራሚኮችም የመጀመሪያውን መልክ እንደያዙ ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ "ታደሰ" ሲባል ብዙ ጊዜ በሚያብረቀርቅ መስታወትና በአሉሚኒየም ተሸፈነ ማለት ስለሆነ፣ ፈርቼ ነበር የገባሁት።

ሕንፃውን የነደፈው ጣሊያናዊው አርቱሮ ሜዜዲሚ ነው፤ የአዲስ አበባን ማዘጋጃ ቤትም የሠራው እሱ ነው። ጃንሆይ አፍሪካ አዳራሽን የመረቁት ጥር 29 ቀን 1953 ዓ.ም. ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ግንቦት 17 ቀን 1955፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር እዚሁ ተፈረመ። እትዬ ያኔ ተማሪ ነበረች። ባንዲራ ይዘው መንገድ ዳር ከቆሙት ልጆች አንዷ ናት። "ንክሩማን አይቻለሁ" ትላለች፣ ዕድሜ ልኳን ስትለው የኖረችው ነው። ውስጡን ግን እስከ ዘንድሮ አላየችውም።

የመስታወቱ ሥዕል ጋ ስንደርስ ወሬው ቆመ። የአፈወርቅ ተክሌ ሥራ ነው፣ 150 ካሬ ሜትር፣ ሦስት ክፍል ያለው። ያለፈችው አፍሪካ፣ የምትታገለዋ አፍሪካ፣ የምትመጣዋ አፍሪካ። ከፎቶ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ፎቶው ግን ይዋሻል። ቀረብ ብላችሁ እዩት። መስታወቱ እንደ መስኮት ጠፍጣፋ አይደለም፤ ውፍረት አለው፣ ብርሃኑ ውስጡ ገብቶ ይሰበራል። ቀዩ አንድ ቀይ አይደለም። አንዱ የደረቀ ደም ይመስላል፣ ጎኑ ያለው ፍም ነው። በእድሳቱ ጊዜ ይኼም ተጠግኗል። እትዬ አንገቷን ቀና አድርጋ ብዙ ቆየች። ከዚያ "ይኼን ሁሉ አንድ ሰው ነው ያሰበው?" ብላ ጠየቀች።

አስጎብኚዋ ወጣት ናት፤ ለእሷ አምስት ከአምስት። የተሸመደደ ነገር አላነበነበችብንም። እትዬ ስትደክም ገና ሳንጠይቃት "እማማ፣ እዚህ አረፍ ይበሉ፣ እኛ እንጠብቅዎታለን" ብላ ወንበር አሳየቻት። እትዬ ስለ 1955 ስታወራ ደግሞ ጉብኝቱን አቁማ አዳመጠቻት። ደረጃ መውጣት ለማይችል ሰው የሚሆን መንገድም ተሠርቷል፤ በድሮው ሕንፃ ያልታሰበበት ነገር ነው። በምርኩዝ የሚሄድ ሰው ይዞ ለሚመጣ ይኼ ከሁሉም ይበልጣል።

የማይታየው ሥራ ደግሞ መሠረቱና ምሰሶው ላይ ነው። ሕንፃው የመሬት መንቀጥቀጥን እንዲቋቋም ተጠናክሯል። ይኼን ስትሰማ እትዬ ነቃ አለች። በ2017 በጋ ላይ ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል የተነሳው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ፣ እሷ ከኮንዶሚኒየሟ አራተኛ ፎቅ በነጠላ ጫማ ነው የወረደችው። "የኛንስ ማን ያጠናክረው?" አለች። አስጎብኚዋ ሳቀች እንጂ መልስ አልነበራትም። እኔም የለኝም።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ያጸደቀው 57 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ብዙ ነው የሚል ካለ ኮሎኝ ይምጣና የእኛን ይይ። የኔ ቅሬታ ሌላ ነው። እንዲህ ያለ አዳራሽ ውስጥ በዓመት አንድ ቀን እንኳ ክራርና መሲንቆ ለሕዝብ ቢሰማ ምን ነበረበት? የስብሰባ አዳራሽ መሆኑን አውቃለሁ። ግን ድምፁ ደስ ይላል። እትዬ ሳል ሲይዛት ከጥግ እስከ ጥግ ተሰማ።

ሙዚቃ ለመስማት ወደ ሌላ ቦታ መሄድ ነበረብን። ስሙን አልጠራም፣ የቆየ ቴአትር ቤት ነው። ዘፋኞቹም ባንዱም ግሩም ነበሩ። ወንበሬ ግን ስፕሪንጉ ወጥቶ ስለነበር ጃኬቴን አጥፌ ተቀመጥኩበት። ማይኩ በየዘፈኑ መሃል ያፏጫል፤ ድምፃዊቷ በመጨረሻ ማይኩን አስቀምጣ በባዶ ድምፅ ዘፈነች። የሚገርመው ጀርባ ድረስ ጥርት ብሎ ተሰማ። አዳራሹ ሲሠራ የተሰላው ለሰው ድምፅ ነው፤ ያበላሸው በኋላ የተደረበው ስፒከር ነው። እዚህ ቤት የሚያስፈልገው አዲስ ፊት አይደለም። ወንበር፣ ሽቦና የድምፅ ነገር የሚያውቅ ሰው ነው። መጸዳጃ ቤቱንም ጨምሩበት።

ትኬቱ ርካሽ ነበር። ሦስት እጥፍ ቢያደርጉትና ትርፉን ለወንበሩ ቢያውሉት ሳላጉረመርም እከፍላለሁ። እትዬ ግን አትከፍልም፤ "ጡረታዬን ታውቀዋለህ" ብላኛለች። እሷን ጨምሮ ለጡረተኞች የድሮው ዋጋ ይቆይ።