አንፎ ወይስ ኢመልሽን? ውሃ ያለበት ካባ ላይ ሁለቱንም ሞክረናቸው

ሁለቱም ካባ (ድንጋይ የሚወጣበት ቦታ) ላይ ድንጋይ የምናፈነዳባቸው ፈንጂዎች ናቸው፣ አንፎ ደረቅ ፍሬ ነው፣ ኢመልሽን ደግሞ ወፍራም ቅባት መሰል ነገር። ሰው ሁሌ የሚጠይቀኝ የቱ ይረክሳል ብሎ ነው፣ እኔ ደግሞ ፈንጂው የሚሞላበት ጉድጓድ ደረቅ ነው ወይ እለዋለሁ። እኛም በኪሎ ዋጋ ተሸውደን ነው የከረምነው። ሜትሩን ጫፉ ላይ ክብደት አስረን ስናወርደው የታችኛው ሁለት ሜትር እርጥብ ሆኖ እየወጣ «ተወው ባክህ ትንሽ ውሃ ነው» ተባብለን አንፎ ሞላንበት፣ አንፎ እኮ ውሃ ሲያገኘው እንደ ጨው የሚሟሟ ነገር ነው። ሲፈነዳ ብርቱካናማ ጭስ ተነሳ (ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ነው፣ መርዝ ነው፣ ተበትኖ እስኪያልቅ ማንም እንዳይጠጋ)፣ ወለሉ ላይ ጉብታ ቀረ፣ ክራሸር (ድንጋይ መፍጫው ማሽን) የማይውጠው ቋጥኝ ተቆለለ። እሱን በሀመር (በድንጋይ መስበሪያ ማሽን) ስንቀጠቅጥ ያለቀው ናፍጣ አተረፍን ያልነውን በላው።

ከዛ በፓምፕ ወደሚሞላው ኢመልሽን ዞርን፣ ልዩነቱ አይን ያወጣ ነው። ቱቦው ከስር ጀምሮ ስለሚሞላ ውሃውን እየገፋ ወደ ላይ ያወጣዋል፣ አንፎ በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 0.8 ግራም አካባቢ ሲሆን ይሄ ከ1.1 በላይ ስለሆነ በዛው ጉድጓድ ብዙ ይገባል፣ ጠንካራውን ጥቁር ድንጋይ ደህና አድርጎ ሰበረልን፣ የጉድጓዶቹንም ርቀት ትንሽ ማስፋት ቻልን።

ግን ሻጩ ለሁሉም ቦታ ይሄን ውሰዱ ሲል አትስሙት። የካባችን የላይኛው እርከን ደረቅና የተሰነጣጠቀ ነው፣ እዛ ሞልተነው ግማሹ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ቀረ፣ ድንጋዩም ዱቄት ሆነ፣ አሁን እዛ ወደ አንፎ ተመልሰናል። በካርትሬጅ (እንደ ዱላ ተጠቅልሎ) የሚመጣው ኢመልሽንም ጎርባጣ ጉድጓድ ውስጥ መሀል ላይ ይቀረቀራል፣ ከስሩ ባዶ ቦታ ይተዋል።

ሌላው የኢመልሽኑ ጣጣ፣ ከተሞላ በኋላ ጋዝ ፈጥሮ እስኪነፋ መጠበቅ አለበት፣ ልጆቹ ቶሎ በጠጠር ሊደፍኑት ይቸኩላሉ። የኛ ኦፕሬተር ከቱቦው በኩባያ እየቀዳ በደንብ መነፋቱን ለማየት በየጊዜው ይመዝናል፣ ይሄን ፊት ለፊታችሁ ለማድረግ ቅር ከሚለው ሰው ባትገዙ ይሻላል።

ለኢመልሽኑ ከ5 4 ሰጥቻለሁ፣ አንዷን የቀነስኩት ጠዋት ይደርሳል የተባለው መኪና ከምሳ በኋላ ስለመጣ ነው፣ ሰራተኛው ሁሉ ቁጭ ብሎ ዋለ።