ሲኤምኤም በኮምቦልቻ፦ ከ14 ወር በኋላ ዝርግነትና የገጽ ፕሮፋይል ሲለካ

ማሽኑ ባለ ድልድይ ሲኤምኤም (የዕቃን ልክና ቅርጽ ነጥብ በነጥብ የሚለካ ማሽን) ነው፤ በሞተር ይሄዳል፣ 500 በ700 በ500 ሚሜ ይለካል፣ ፕሮቡ (ጫፉ ላይ ትንሽ ኳስ ያለው መንኪያ) እየነካ አንድ አንድ ነጥብ የሚወስድ ዓይነት ነው። የሚወጣበት ዕቃ በአብዛኛው ከሚሌ መስመር የሚመጣ የከባድ መኪና ቴስታታ (የሞተር ሲሊንደሮች የላይ ክዳን) ነው፤ ከዚያ ቀጥሎ የፓምፕ ክዳንና የፋብሪካ ካም (እየዞረ ሌላ ክፍል የሚገፋ ጥምዝ ብረት)። በ14 ወር ማሽኑ ራሱ ያስቸገረው ጥቂት ነው። ቁጥሩን የሚያበላሹት ሙቀቱ፣ የዕቃው አያያዝና ለማሽኑ አየር የሚሰጠው ኮምፕረሰር ናቸው።

ልኬት ሁሉ የሚነገረው በ20 ዲግሪ ነው። ሰኔ ላይ ኮምቦልቻ ከሰዓት 20 ዲግሪ የለም፤ ክፍሉ ኤሲ የግድ ይፈልጋል። ግን ሙቀት ሁሉ ዝርግነትን (ገጹ ምን ያህል ሜዳ እንደሆነ) አያበላሽም። ቴስታታው ከላይ እስከ ታች እኩል 28 ዲግሪ ከሆነ ያድጋል እንጂ አይጎብጥም። አሉሚኒየም በአንድ ሜትር በአንድ ዲግሪ 23 ማይክሮን ስለሚለጠጥ፣ 500 ሚሜ ቴስታታ በ8 ዲግሪ 92 ማይክሮን ይረዝማል፤ ዝርግነቱ እንዳለ ነው። ጉዱ የሚመጣው ላዩና ታቹ ሲለያይ ነው። 100 ሚሜ ውፍረት ባለው በዚሁ ቴስታታ ላይ የ2 ዲግሪ ልዩነት መሃሉን 14 ማይክሮን ያህል ያጎብጠዋል። የተፈቀደው 0.05 ሚሜ ከሆነ ከሩብ በላዩን ሙቀት በላው ማለት ነው።

ስለዚህ ከደሴ ሐረጎን ወርዶ የደረሰ ወይም በሙቅ ውሃ ታጥቦ የገባ ቴስታታ ቀጥታ አይለካም። ከሥሩ አየር እንዲያልፍ ከፍ ተደርጎ ይቀመጣል። ደንበኛ ይቸኩላል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተጠጥቶም ገና ነው፤ ለትልቅ ቴስታታ ከ4 ሰዓት በታች አናወጣውም። የኤሲው ንፋስም የማሽኑን የግራናይት ጠረጴዛ ቀጥታ እንዳይመታ አቅጣጫው ይዞራል፤ ግራናይትም በአንድ ወገን ከቀዘቀዘ ይጎብጣል።

አያያዙ ላይ ስህተቱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ማጥበቅ። አራት ቦታ በክላምፕ ተጠፍንጎ 0.02 ያነበበ ክዳን ሲፈታ 0.06 ሊሆን ይችላል፤ የተለካው የክላምፑ ጉልበት ነበር። ዕቃው በሦስት ነጥብ ላይ ይቀመጥ። ለረጅም ዕቃ ድጋፎቹ ከየጫፉ ከርዝመቱ 22 በመቶ ገደማ ገባ ይበሉ። የፕሮቡ ንክኪ በጣም ቀላል ስለሆነ ከባድ ቴስታታ ክላምፕ አይፈልግም፤ ቀላል ክዳን ብቻ እንዳይንሸራተት በጎን በስሱ ይደገፋል።

የነጥብ ብዛትም ያታልላል። በ9 ነጥብ የተለካ ቴስታታ በ60 ነጥብ ሲደገም ቁጥሩ ይጨምር እንደሆን እንጂ አይቀንስም። የሚበቃን በ25 ሚሜ ርቀት የተሠራ መረብ ነው፤ በየሲሊንደሩ ቀዳዳ መካከል ያለችው ቀጭን ድልድይ ግን ተጨማሪ ነጥብ ይገባታል፤ ጋስኬት የሚቃጠለው እዚያ ነው። ከቡሎን ቀዳዳ ጠርዝ 3 ሚሜ ራቅ ይባላል። አንድ ነጥብ ብቻውን 0.04 ዘሎ ሲወጣ መሰረዝ አይደለም፤ መጀመሪያ ቦታውን ክር በማይተው ጨርቅ ጠርጎ እንደገና መንካት ነው።

ሶፍትዌሩ ሁለት ዓይነት ስሌት አለው። በሊስት ስኩዌር (በነጥቦቹ አማካይ ከሚያልፍ ገጽ ተነስቶ) የሚወጣው ዝርግነት ከሚኒመም ዞን (ነጥቦቹን ሁሉ ከሚይዙ በጣም የተቀራረቡ ሁለት ትይዩ ገጾች ርቀት) አያንስም፤ ብዙ ጊዜ ይበልጣል። አንዱ 0.052፣ ሌላው 0.046 ሲያወጣ ደንበኛ ጋር ጭቅጭቅ ይነሳል። የትኛው እንደተመረጠ ሪፖርቱ ላይ ይጻፍ።

ፕሮፋይል (የገጹ ቅርጽ ከሥዕሉ ምን ያህል እንደሚለይ) ላይ ማሽኑን ያን ያህል አናሞግሰውም። እዚህ ዕቃው እኩል ቢሞቅ እንኳ ያሳስታል፤ ቅርጹ የሚነጻጸረው ከሥዕሉ ልክ ጋር ነውና። በካም ጥምዝ ላይ ፕሮቡ የሚመጣበት አቅጣጫ ከትክክለኛው በ10 ዲግሪ ከተዛባ፣ 4 ሚሜ የፕሮብ ኳስ 0.03 ሚሜ ያህል ስህተት ይጨምራል፤ 2 ሚሜ ኳስ ግማሹን። ስለዚህ አቅጣጫው ከሞዴሉ ፋይል ይወሰድ እንጂ በግምት አይሰጥ። ሌላው ወጥመድ አቆጣጠሩ ነው፦ ከፍተኛው ልዩነት ወደ ውጭ 0.03፣ ወደ ውስጥ 0.01 ከሆነ ፕሮፋይሉ የትልቁ እጥፍ፣ 0.06 ነው እንጂ 0.04 አይደለም። ሥዕሉ መነሻ ገጽ እያለው በ«ቤስት ፊት» (የተለካውን ቅርጽ ከሥዕሉ ጋር በተሻለ እስኪገጥም በማንቀሳቀስ) ማስተካከልማ ጥፋትን መሸፈን ነው።

ኮምፕረሰር ሲገዛ ከፍታው ይታሰብ። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል 80 በመቶ ያህል ነው፤ አቅሙ በሩብ ከፍ ያለ መውሰድ ያዋጣል። ማሽኑ የሚንሸራተትበት የአየር ቤሪንግ ክፍተት ጥቂት ማይክሮን ብቻ ስለሆነ ውሃና ዘይት ጠላቱ ናቸው። ክረምት ላይ ታንከሩ በቀን ሁለቴ ይራገፋል፤ ማድረቂያ ከሌለ ማሽኑን ባይገዙት ይሻላል። ቤሪንጉ የሚሄድበት መንገድ በአይሶፕሮፒል አልኮል ይጠረጋል፣ ቅባት ፈጽሞ አይነካውም። መብራት ሲጠፋ ዩፒኤሱ ኮምፒውተሩን ይይዛል፤ ኮምፕረሰሩን አይችለውም። ሲመለስ ፕሮግራሙን ካቆመበት መቀጠል የለም፦ ማሽኑ ወደ መነሻው ይመለሳል፣ ፕሮቡም በ25 ሚሜው ማመሳከሪያ ኳስ እንደገና ይስተካከላል። በአጭር ስታይለስ (የፕሮቡ ዘንግ) የኳሱ የቅርጽ ስህተት ከ3 ማይክሮን ካለፈ ጫፉ ቆሽሿል ወይም ብሎኑ ላልቷል።

ቴስታታ ብቻ ለሚያስተካክል ጋራዥ ትክክለኛ የብረት ማስመሪያና ፊለር ጌጅ (ክፍተት የሚለካባቸው ስስ ቅጠሎች) ይበቁታል፤ ይህን ማሽን አንመክርም። ካምና የፓምፕ ክዳን አብሮ ለሚሠራ ግን ዋጋውን ይመልሳል። ብዙ ደንበኞች ግን የገጹን ሻካራነትም ይለካል ብለው ይመጣሉ። አይለካም፤ የ2 ሚሜ ኳስ ጭረቱ ውስጥ አይገባም። ለዚያ የሻካራነት መለኪያ ለብቻው ይገዛል።