የካርድ ክፍያ ለመቀበል፦ በሌላ ድርጅት ሂሳብ ሥር ወይስ በራስ ሂሳብ?

ብዙ ነጋዴዎች የካርድ ክፍያ አገልግሎት ሲያማርጡ ዓይናቸው ቀድሞ የሚያርፈው መቶኛው ላይ ነው። 2.9 የሚለውን ከ2.6 ጋር አስተያይተው ዝቅ ያለውን ይዘው ይሄዳሉ። ለትንሽ ንግድ ግን ከመቶኛው የሚበልጡ ሁለት ጥያቄዎች አሉ፦ አንድ ሽያጭዎ በአማካይ ስንት ነው? አንድ ችግር ሲፈጠርስ ገንዘብዎን ይዞ የሚቆየው ማን ነው? እኔ ንጽጽሩን በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ላይ አቆማለሁ።

ከእያንዳንዱ የካርድ ክፍያ ሦስት ወገኖች ይቆርጣሉ። ብዙውን ጊዜ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ካርዱን ያወጣው ባንክ ነው፤ ይህ ክፍያ ኢንተርቼንጅ ይባላል። እንደ ቪዛና ማስተርካርድ ያሉት የካርድ ኩባንያዎች ደግሞ አነስ ያለ ድርሻ አላቸው። የቀረው ክፍያውን የሚያስተናግድልዎ ድርጅት ገቢ ነው። አንድ ትንሽ ነጋዴ ሊደራደር የሚችለው በዚህ በመጨረሻው ላይ ብቻ ነው። ኢንተርቼንጅ ራሱ እንደ አገሩ ሕግ ይለያያል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2015 ለግለሰቦች በሚሰጡ ካርዶች ላይ ጣሪያ አስቀምጧል፦ ለዴቢት 0.2 በመቶ፣ ለክሬዲት 0.3 በመቶ። አሜሪካ ለክሬዲት ካርድ እንዲህ ያለ ጣሪያ የላትም፤ ለባለቤቱ ሽልማት የሚሰጡ ካርዶች ከ2 በመቶ ሊያልፉ ይችላሉ። ስለዚህ የሌላ አገር ነጋዴ “ርካሽ ነው” ያለዎትን ዋጋ ለራስዎ መለኪያ አያድርጉት።

በሌላ ድርጅት ሥር መግባት

ስትራይፕ፣ ስኩዌርና ፔይፓል የተባሉት የክፍያ አገልግሎት ድርጅቶች እጅግ ብዙ ነጋዴዎችን በራሳቸው ሂሳብ ጥላ ሥር ያስገባሉ። ምዝገባው ፈጣን ነው፤ በመሠረታዊ አገልግሎታቸው ወርሃዊ ክፍያም የረጅም ጊዜ ውልም የለም። ተመኑ ለማንኛውም ካርድ ከሞላ ጎደል ወጥ ነው። ስትራይፕ በአሜሪካ ለኦንላይን ሽያጭ የሚታወቅበት ተመን 2.9 በመቶ ሲደመር በእያንዳንዱ ሽያጭ 30 ሳንቲም ነው።

ያቺ 30 ሳንቲም ናት ብዙዎችን የምታዘናጋው። የ100 ዶላር ዕቃ ከሸጡ የሚቆረጥብዎ 3 ዶላር ከ20 ሳንቲም ነው፤ ይህም 3.2 በመቶ ነው። የ5 ዶላር ዕቃ ከሸጡ ግን ወደ 45 ሳንቲም ይሄዳል፤ ከሽያጩ 9 በመቶ ገደማ ማለት ነው። ሽያጭዎ በጥቃቅን ክፍያ ላይ የተመሠረተ ከሆነ መቶኛው ከፍ፣ ቋሚው ክፍያ ዝቅ ያለበትን ተመን ይፈልጉ። ፔይፓል ለአነስተኛ ክፍያዎች እንዲህ ያለ የተለየ ተመን አለው። በወረቀት ላይ ውድ የሚመስለው ለእርስዎ ርካሹ ሊሆን ይችላል።

የራስ የነጋዴ ሂሳብ

እዚህ ባንኩ ወይም ወኪሉ ንግድዎን መርምሮ በስምዎ ሂሳብ ይከፍታል። ማመልከቻና የባንክ መግለጫ ይጠየቃሉ፣ መልሱም ቀናት ሊወስድ ይችላል፤ ወርሃዊ ክፍያም አለ። በምላሹ “ኢንተርቼንጅ ሲደመር ትርፍ” የሚባለውን ተመን መጠየቅ ይችላሉ፦ እውነተኛው ወጪ በግልጽ ይቀመጣል፣ የድርጅቱ ትርፍም ለብቻው ይጻፋል።

ሂሳቡን በምሳሌ እንየው። የሽያጭዎ አማካይ 100 ዶላር ነው እንበል፤ በራስ ሂሳብ ጠቅላላ ወጪው 2 ዶላር ከ45 ሳንቲም ሆነ፣ ወርሃዊው ክፍያ ደግሞ 25 ዶላር። ከላይኛው የ3 ዶላር ከ20 ሳንቲም ወጪ ጋር ሲነጻጸር በሽያጭ 75 ሳንቲም ይተርፍዎታል፤ በወር 34ኛው ሽያጭ ላይ ወርሃዊውን ክፍያ ሸፍነው ማትረፍ ይጀምራሉ። በወር አሥር ሽያጭ ላለው ሰው ግን ይህ መንገድ ኪሳራ ነው። የራስዎን ቁጥሮች በዚሁ መልክ አስገብተው ያስሉ።

“ብቁ” እና “ብቁ ያልሆነ” እያለ ክፍያዎችን በደረጃ የሚከፋፍል የዋጋ አቀራረብ ከመጣልዎ አይቀበሉት። ዝቅተኛው ደረጃ ለማስታወቂያ ይቀርባል፤ የትኛው ሽያጭ በየትኛው ደረጃ እንደሚወድቅ የሚወስነው ግን ድርጅቱ ነው። የካርድ ማንበቢያ ማሽንም ለዓመታት በሚያስር ውል አይከራዩ፤ ይግዙት።

ገንዘቡ ሲታገድ

ከዋጋው ይልቅ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። በሌላ ድርጅት ሥር ሲገቡ ምዝገባው የፈጠነው ዋናው ምርመራ ወደ ኋላ ስለተገፋ ነው። ሽያጭዎ ድንገት ሲጨምር ወይም ቅሬታ ሲበዛ ምርመራው ያኔ ይመጣል፤ ገንዘብዎ ታግዶ፣ እርስዎም ዕቃ መላክ ባለብዎት ሰዓት። በራስ ሂሳብ ግን ምን እንደሚሸጡና በወር ምን ያህል እንደሚጠብቁ አስቀድሞ ስለተነገረ ድንጋጤው ይቀንሳል። ፈጽሞ አይነካም ማለት ግን አይደለም፤ ባንክም ከየሽያጩ የተወሰነ መቶኛ ለወራት በመያዣነት ሊያስቀር ይችላል። በየትኛውም መንገድ ቢሆን ትልቅ ሽያጭ ከመጀመርዎ በፊት ለድርጅቱ ያሳውቁ፣ የዕቃ መግዣ ደረሰኞችዎንም አዘጋጅተው ይያዙ።

የእገዳው ዋና ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ቻርጅባክ ነው፤ ደንበኛው በባንኩ በኩል “ገንዘቤ ይመለስ” ሲል ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ ለዚህ እስከ 120 ቀን ጊዜ አለው። ነጋዴው የሽያጩን ገንዘብ ሊያጣ ይችላል፣ ብዙ ጊዜም በተጨማሪ ቅጣት ይከፍላል። ቅሬታው በዝቶ ሂሳቡ ከተዘጋ ማስተርካርድ በሚያስተዳድረው ማች በተባለው መዝገብ ላይ ሊሰፍር ይችላል፤ እዚያ የገባ ስም ለአምስት ዓመት ይቆያል፣ የካርድ ክፍያ የሚያስተናግድለት ሌላ ድርጅት ማግኘትም ይከብደዋል። ስለዚህ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። በደንበኛው የካርድ መግለጫ ላይ የሚታየው ስም የሱቅዎ ስም መሆኑን ያረጋግጡ፤ “ይህን ክፍያ አላውቀውም” የሚለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ደንበኛው የማያውቀው የድርጅት ስም ስለሚያነብ ነው። ገንዘብ መልሱልኝ የሚልዎትን ሰውም ባንኩ ጋ ሳይደርስ ይመልሱለት፤ ስትራይፕና ፔይፓል የመጀመሪያውን ኮሚሽን ባይመልሱልዎም ከቻርጅባክ ይሻላል።

ለዲጂታል ሸቀጥ ሦስተኛ መንገድ

ሶፍትዌር ወይም የኦንላይን ትምህርት ለብዙ አገር የሚሸጥ ሰው እንደ ፓድል ያለውን ድርጅት ይመልከት። በሕግ ሻጩ ድርጅቱ ይሆናል፤ የየአገሩን የሽያጭ ታክስ ሰብስቦ የሚከፍለውም እርሱ ነው። ፓድል በይፋ የሚያስከፍለው 5 በመቶ ሲደመር 50 ሳንቲም ነው። ለአንድ አገር ገበያ ብቻ ይበዛል፤ በአሥራ አምስት አገር ታክስ ለሚጠየቅ ግን ተመጣጣኝ ነው።

እኔ ብጠየቅ ለጀማሪ በሌላ ድርጅት ሥር መግባትን እመክራለሁ፤ ሽያጩ ሲደላደልና የራስ ሂሳብ ወርሃዊ ክፍያ ሲሸፈን ይዛወር። ይህን ሐሳብ ከያዙ ግን ከመፈረምዎ በፊት አንድ ነገር በጽሑፍ ይጠይቁ፦ ስለቅ የደንበኞቼን የተቀመጠ የካርድ መረጃ ለአዲሱ ድርጅት በአስተማማኝ መንገድ ታስተላልፉልኛላችሁ? በየወሩ የሚከፍሉ ደንበኞች ላሉት ነጋዴ መልሱ “አይሆንም” ከሆነ ደንበኞቹን ሁሉ ካርዳቸውን እንደገና እንዲያስገቡ መለመን ይኖርበታል፤ ከእነርሱም የማይመለሱ አይጠፉም።