ከመሐል ሜዳ፦ ተንደርበርድና አሮጌው ኮምፒውተሬ

ሥራዬ የመንዝ በግ ጸጉር ነው። ባና፣ ምንጣፍ፣ በርኖስ። የሚፈትሉትና የሚሸምኑት ሌሎች ናቸው፤ እኔ ትእዛዝ እቀበላለሁ፣ ልኬት እይዛለሁ፣ ዕቃ እልካለሁ። ደንበኞቼ ግማሾቹ አዲስ አበባ፣ ግማሾቹ ውጭ አገር ናቸው። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ የተጻጻፍነው ሁሉ በአንድ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ውስጥ፣ ተንደርበርድ በሚባል የኢሜይል ፕሮግራም ነው ያለው። ዊንዶውስ 7፣ 2 ጊጋ ራም። ባለፈው ክረምት ሁሉንም ላጣው ጥቂት ነበር የቀረኝ። አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ለምትሠሩ ይጠቅማችኋል ብዬ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ለምን እንደምወደው ልናገር። ፕሮግራሙ ነፃ ነው። የመጀመሪያው እትም የወጣው በ2004 እ.ኤ.አ. ነው፣ እስካሁንም አለ። ትልቁ ነገር ግን ደብዳቤውን ወደ ኮምፒውተሬ ማውረዱ ነው። እዚህ ኔትወርክ ይመጣል፣ ይሄዳል። ጠዋት ሲኖር ደብዳቤዎቼን አወርዳለሁ። ከሰዓት ሲጠፋ ቡናዬን ይዤ ቁጭ ብዬ አነባለሁ፣ መልስ እጽፋለሁ፣ «ሴንድ ሌተር» የሚለውን እጫናለሁ። መልሱ አውትቦክስ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል። ኔትወርኩ ሲመለስ አንድ ጊዜ ነካ አድርጌ ሁሉንም እሸኛለሁ። ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ፍለጋውም ጥሩ ነው። ከአምስት ዓመት በፊት አንዲት ደንበኛ የላከችልኝን የምንጣፍ ልኬት በቅጽበት አገኘዋለሁ። በአማርኛ ሲሆን ግን ፊደል በፊደል ነው የሚፈልገው። «ጸጉር» ብዬ ስጽፍ «ፀጉር» ብለው የጻፉልኝን አያመጣም። ስለዚህ ሁለቴ እፈልጋለሁ። ሐምሌንም እንደዚሁ፣ በሐመሩ ሐ አንዴ፣ በሃሌታው ሃ አንዴ።

ወደ ችግሩ ልምጣ። ሐምሌ 2017 አጋማሽ ላይ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ጣለና መብራት ሁለት ቀን ጠፋ። ሲመለስ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ጃንዋሪ 1፣ 2008 ይላል። የጎረቤቴ ልጅ «እትዬ፣ እኔ አስተካክለዋለሁ» አለና ቀኑን ሞላልኝ። ተንደርበርድን ስከፍት ግን አንድም ደብዳቤ አልወርድ አለ። ስለ ሰርተፊኬት የሚናገር መስኮት ብቅ ይላል። ስዘጋው ተመልሶ ይመጣል። የይለፍ ቃሌ የተበላሸ መስሎኝ ደጋግሜ አስገባሁ። ወይ ፍንክች።

ኮምፒውተሩን በጋቢ ጠቅልዬ ደብረ ብርሃን ወሰድኩት። በሞላሌ፣ በመዘዞ፣ በጣርማበር ጉም ውስጥ፣ እስኪደርስ ድረስ ከጭኔ ላይ አላወረድኩትም። አንድ ጥገና ቤት ገባሁ። ልጁ አምስት ደቂቃ ያህል አየውና «እትዬ፣ ይሄ ፎርማት ነው የሚፈልገው፤ ዊንዶውሱ አርጅቷል» አለኝ።

«ደብዳቤዎቼስ?»

«ኢሜይል እኮ ኢንተርኔት ላይ ነው ያለው፤ አይጠፋም።»

እዚህ ላይ እባካችሁ ተጠንቀቁ። የሁሉም ሰው ኢሜይል ኢንተርኔት ላይ አይቀመጥም። ደብዳቤ የሚወርድበት መንገድ ሁለት ነው። አይማፕ ከሆነ ዋናው ደብዳቤ ሰርቨሩ (የኢሜይል ድርጅቱ ኮምፒውተር) ላይ ይቆያል፤ ኮምፒውተራችሁ ላይ ያለው ቅጂው ነው። ፖፕ ከሆነ ግን ደብዳቤው ወደ ኮምፒውተሩ ይወርዳል፣ ሰርቨሩ ላይ ይቆይ ካላላችሁት ደግሞ ከዚያ ይጠፋል። የኔ ፖፕ ነው። የመልእክት ሳጥኔ እየሞላ ስላስቸገረኝ፣ ከወረደ በኋላ ከሰርቨሩ ይጥፋ ብዬ ነበር። ፎርማት ቢደረግ፣ ማለትም ዲስኩ ቢጠረግ፣ የ11 ዓመት ትእዛዝ፣ ልኬትና አድራሻ ውሃ በላው ማለት ነው። ኮምፒውተሬን መልሼ ጠቀለልኩና ወጣሁ።

ቤት ስደርስ ሰዓቱ እንደገና 2008 ላይ ነበር። የጎረቤቴ ልጅ እንደገና ሞላልኝ። በማግስቱ አንድ የማውቃቸው የኮምፒውተር መምህር ቤት ድረስ መጡልኝ። ምንም ሳይነኩ የስክሪኑን የታች ቀኝ ጥግ በጣታቸው ጠቆሙ።

«ይሄ ምን ይላል?»

11/19/2017፣ ከታቹ 3:20።

«ልክ ነው መምህር። ሐምሌ 19፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ20።»

«ለኛ ልክ ነው። እሱ ግን የፈረንጅ ኖቬምበር 2017 ነው ብሎ ያምናል። ዛሬ በነሱ ጁላይ 26፣ 2025 ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተሩ ከኢሜይል ሰርቨሩ ጋር ሲገናኝ ሰርቨሩ መታወቂያ ያሳያል። ሰርተፊኬት የሚሉት እሱን ነው። መታወቂያው ላይ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ያገለግላል የሚል አለበት። የኔ ኮምፒውተር 2017 ላይ ቆሞ በ2025 የወጣ መታወቂያ ሲያይ፣ ገና ያልደረሰ ቀን ነውና አልቀበልም ይላል። ፕሮግራሙ ሥራውን በትክክል እየሠራ ነበር። ልጁም ቀኑን እንደ አገሩ ነው የሞላው፣ አልፈርድበትም። ስንቱ መሥሪያ ቤትና ሱቅ ውስጥ በኛ አቆጣጠር የተሞላ ኮምፒውተር እንዳለ አስቡት።

መምህሩ ቀኑን በፈረንጅ አስተካከሉት። የሰዓት ቀጠናው ናይሮቢ መሆኑን አዩ፤ ከኛ ጋር አንድ ነው። ከዚያ ተንደርበርድን ከፈቱት። ደብዳቤዎቹ ተንጋግተው ወረዱ። እንባዬ መጣ።

ቀኑ መብራት በጠፋ ቁጥር ለምን እንደሚጠፋም አሳዩኝ። ክዳኑን ሲከፍቱት ማዘርቦርዱ ላይ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች ባትሪ አለች። ሲአር 2032 ትባላለች፣ 3 ቮልት ናት። ኮምፒውተሩ ከመብራት ሲነቀል ሰዓቱን የምታስቀጥለው እሷ ናት። የኔዋ አልቃለች። ለአዲሷ የከፈልኩት ለደብረ ብርሃኑ ጉዞ ከከፈልኩት በጣም ያንሳል።

ተቀምጠው ሳለ ሌላም ነገር አየን። ኢንቦክሴ ለመክፈት ደቂቃዎች ይፈጅ ነበር። ተንደርበርድ አንድን ፎልደር በሙሉ በአንድ ፋይል ነው የሚያስቀምጠው። ደብዳቤ ስታጠፉ ከዝርዝሩ ይወጣል እንጂ ከፋይሉ ውስጥ ወዲያው አይወጣም። እንዲወጣ «ኮምፓክት» ማድረግ ያስፈልጋል። የኔ ፋይል 4.3 ጊጋ ደርሶ ነበር። ከመነካካታችን በፊት ፕሮግራሙን ዘግተን ፕሮፋይሉን፣ ደብዳቤዎቹ ሁሉ ያሉበትን ፎልደር፣ 16 ጊጋ ፍላሽ ላይ ልንገለብጥ ስንል ፋይሉ ትልቅ ነው ብሎ እምቢ አለ። ፍላሹ ባዶ ነው! ምክንያቱ ፍላሹ የተሰናዳበት ፋት 32 የሚባለው አሠራር ነው፤ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ፍላሹን ትልቅ ፋይል ወደሚቀበለው ኤንቲኤፍኤስ ቀይረን ገለበጥን። ከዚያ ኮምፓክት አደረግነው፣ ፋይሉም ከግማሽ በታች ወረደ። ከዝርዝሩ የጠፉ ጥቂት ደብዳቤዎች ነበሩ፤ ፎልደሩን በቀኝ ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ «ሪፔር ፎልደር» ስንል ተመለሱ። ያ የሚያድሰው ማውጫውን ነው። ሁሉንም ፎልደር በአንዴ የሚፈልገውን፣ «ግሎባል ሰርች» የሚለውንም አጠፋነው፤ ለ2 ጊጋ ራም ከባድ ነው። በፎልደር ውስጥ መፈለግ ለኔ ይበቃኛል።

ጂሜይል ለምትጠቀሙ አንድ ነገር ልጨምር። ከሜይ 30፣ 2022፣ በኛ ግንቦት 22፣ 2014 ጀምሮ ጎግል የተለመደውን የይለፍ ቃል ብቻ ይዞ የሚመጣ ፕሮግራምን አያስገባም። ኦኦዝ 2 የሚባል የመግቢያ መንገድ ይፈልጋል። በጣም አሮጌ ተንደርበርድ ላይ ካላችሁ አድሱት፤ አካውንት ሴቲንግ ውስጥ የመግቢያውን ዘዴ ወደ ኦኦዝ 2 ቀይሩ። ኩኪዎችን (ድረ ገጾች ኮምፒውተራችሁ ላይ የሚያስቀምጧቸውን ትንንሽ ማስታወሻዎች) ከዘጋችሁ ደግሞ ክፈቱ፣ ያለነሱ የመግቢያው ገጽ አይሠራም።

አሁን ቅር የሚለኝን። ለዊንዶውስ 7 የመጨረሻው የተንደርበርድ እትም 115 ነው። 128 እና ከዚያ በኋላ ያሉት ዊንዶውስ 10 ይፈልጋሉ። ዊንዶውስ 7 ራሱ ከጃንዋሪ 2020 ወዲህ የደኅንነት ማሻሻያ አያገኝም። ስለዚህ በዚህ ኮምፒውተር የባንክ ሥራ አልሠራም፣ የማላውቀውን አባሪ አልከፍትም። የስህተት መልእክቱም ለሰው በሚገባ ቋንቋ ቢጻፍ ምን አለበት? «የኮምፒውተርህ ቀን የተሳሳተ ይመስላል» የሚል አንድ መስመር ቢኖረው ጣርማበርን ባላቋረጥኩ ነበር። በዚህ ምክንያት ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። አንዷን የቀነስኩት ለዚህ መልእክት ብቻ ነው።

አዲስ ኮምፒውተር ስገዛ ፕሮፋይሉን ገልብጬ እዚያም ይሄንኑ ነው የምጭነው። ፍላሹን አሁን ሞላሌ፣ እህቴ ቤት አስቀምጬዋለሁ። በየሦስት ወሩ አዲስ ቅጂ ይዤላት እሄዳለሁ፣ አሮጌውን ይዤ እመለሳለሁ።